የአቶ ኢናባ አሮጌ ኮምፒውተርና ቀዩ ክር

ኢዳ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2018

አቶ ኢናባ እሺ አሉ። የፀደዩን ሰርግ ሁሉ፣ የእንግዳ ስጦታ የሚታሰርበትን ክር በሙሉ፣ ከእኛ ሊወስዱ ነው።

ሰላምታው መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ። እናቴ ብታየኝ «ደብዳቤም እንደ ሰው በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው» ትለኝ ነበር። እሺ፣ አሁን ላንኳኳ። ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣ በብራዚል፣ በሎንድሪና ለምትገኘው ለሬናቶ ኩማጋይ፤ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። እዚህ የተራሮቹ ጫፍ ነጭ መልበስ ጀምሯል። ካኪ የምንለው ፍሬም ተልጦ እንዲደርቅ በየበረንዳው ተንጠልጥሏል። እናንተ ጋ ሙቀቱ የሚገባበት ጊዜ ነውና ራስህን ጠብቅ። አያትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውስ?

እንግዲህ ወደ ወሬዬ። አቶ ኢናባ ማለት የሰርግ አዳራሹ ኃላፊ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ከኔ ከፍ ብለው ይማሩ ነበርና ዛሬም አንቺ ይሉኛል። ባለፈው ወር «ከዚህ በኋላ ክር የምገዛው ከናጎያው ነጋዴ ነው፤ በማሽን የተሠራ ቢሆንም ከወንበሬ ሳልነሳ አዝዛለሁ» ብለውኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ማታ ከእትዬ ዮሺኖ ጋር ተቀምጠን በማርች መጨረሻ ክር ቤቱን ለመዝጋት ተስማምተን ነበር። አዳራሹ ከሄደ የሚቀረን የጎረቤት ልደት ነው። እትዬ ዮሺኖ ከአማቴ ዘመን ጀምሮ ክር ሲቋጥሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ሻያቸውን ጠጥተው ስኒውን አጠቡና ሄዱ።

ከዚያ አንተ ያለ ምንም ክፍያ፣ እንዲያው በዘመድ ፍቅር የሠራህልን የኢንተርኔት ገጽ ደረሰልን። ደንበኛው ክሩን ይመርጣል፣ ቋጠሮውን ይመርጣል፣ የሁለቱን ቤተሰብ ስም ይጽፋል፣ ታስሮ ምን እንደሚመስል እዚያው ያያል። ሄጄ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዙ አዩት። «የሙሽሪት እናት አጠገቤ ተቀምጣ እያየች፣ በኔው ኮምፒውተር ማዘዝ ከቻልኩ የፀደዩ ያንቺ ነው» አሉ። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ይሞክሩታል፤ ካልሆነ ከናጎያው ጋር ይፈርማሉ።

ይሆናል፤ አንተ ሠርተኸው ለምን አይሆንም? ትናንት በአያቶቻችን መሠዊያ ፊት ስምህን ጠርቼ አመሰገንኩ። ፎቶህን ላክልኝ፤ እትዬ ዮሺኖ «መልኩን ሳላይ ማመስገን ይከብደኛል» ይላሉ።

አክስትህ ኪኑኤ


ሎንድሪና፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2018

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኪኑኤ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። አያቴ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም በኢሜይል የመጣውን ደብዳቤዎን ሦስቴ አስነብበውኛል። የምጽፈው በሳቸው ቋንቋ ስለሆነ አነጋገሬ የድሮ ሰው ቢመስል ይቅር ይበሉኝ፤ ከሳቸው ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም።

ደስታዎ ደስታዬ ነው። ገጹን በስልክም በኮምፒውተርም፣ ባሉት ብራውዘሮች ሁሉ ከፍቼ አይቼዋለሁ። እንደሚያውቁት ኢንተርኔት የሚከፈትባቸው ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ያሳመረውን ሌላው ያበላሸዋል። በጣም አሮጌውን የሚጠቀም ሰው ስላጣሁ ሰፈራችን ውል ማስረጃ ቢሮ ሄጄ አንዲት ጸሐፊ ለምኜ ባሳየችኝ ኮምፒውተር ሞከርኩት። ቀለሙ ትንሽ ይለያል እንጂ የተንጋደደ፣ የተደራረበ ነገር የለም፤ እንዲያውም ያምራል። አይሥጉ።

ፎቶዬን ልኬያለሁ። ለእትዬ ዮሺኖ ሰላም ይበሉልኝ።

ሬናቶ


ኢዳ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2018

ለምወድህ ለሬናቶ፤ ብርዱ በገባበት በዚህ ሰሞን ጤናህ እንደምን ነው? ዛሬ በሩን አንኳኩቼ ነው የገባሁት፤ የያዝኩት ወሬ ጥሩ ስላልሆነ።

ዛሬ ጠዋት ክር እየነከርኩ ስልክ ተደወለ።

«ኪኑኤ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ አቶ ኢናባ።

«ማንም አልሞተም። ምነው?»

«ታዲያ ይሄን የለቅሶ ክር ምን አመጣው?»

«የምን ለቅሶ? ቀይና ነጭ እኮ ነው።»

«ጥቁርና ነጭ ነው።»

«አቶ ኢናባ፣ መነጽርዎን አድርገዋል?»

«መነጽሬን አድርጌያለሁ። የሙሽሪት እናት አጠገቤ ተቀምጣለች። የሷም ዓይን የሚያየው ጥቁር ነው።»

ስልኬን ከፍቼ አየሁ። ቀይ ነው፣ እንደ ደም የቀላ። ብስክሌቴን አንስቼ በረርኩ። አዳራሹ ስደርስ፣ ሬናቶ፣ እውነታቸውን ነው። በሳቸው ኮምፒውተር ላይ ያ ሁሉ ቀይ ጠፍቶ፣ ለለቅሶ ቤት የምንልከው ክር ጥቁርና ነጭ ሆኖ ተጋድሟል። ከላዩ ደግሞ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። የሙሽሪት እናት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

«ልጄ ገና አላገባችም እኮ፤ ምን አድርጋ ነው የምትቀብሯት?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ፀጉሬ ወለሉን ሳይነካ አልቀረም። ስልኬን አውጥቼ ቀዩን አሳየኋት። ስልኩን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች። «ታዲያ ቤቴ የሚመጣው የትኛው ነው?» አለች። ሴትዮዋ «አስቤበት እመጣለሁ» ብላ ወጣች። እዚህ አገር አስቤበት እመጣለሁ ያለ ሰው አይመጣም፤ አያትህ ይነግሩሃል።

አቶ ኢናባን ብራውዘሩን እንዲቀይሩ ለመንኳቸው። «የእንግዶቹን መቀመጫ የምደለድልበት ፕሮግራም ከዚህኛው ውጭ አይከፈትም። የሙሽራውን አለቃ ከፈታት ሚስቱ ጎን ባስቀምጥ አንቺ ነሽ የምትገላግዪኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሌሎቹም አዳራሾች ይህንኑ ፕሮግራም ነው የሚጠቀሙት።

ቤት ተመልሼ ለእትዬ ዮሺኖ ነገርኳቸው። «ድሮ ገዢው ራሱ መጥቶ በእጁ ዳስሶ ነበር የሚገዛ» አሉ።

«እጅ ቀለም ያያል እንዴ?»

«እኔ እንጃ። ግን ተሳስቶ አያውቅም።»

ልጄ፣ አልተቆጣሁህም፤ ካንተ ሌላ የምጽፍለት ሰው ስለሌለኝ ነው። ጥቁሩ ከየት መጣ? ማስተካከልስ ይቻላል? ጃንዋሪ ሩቅ አይደለም።

ኪኑኤ


ኢዳ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 2018

ለሬናቶ፤ ሰላም ለአንተ ይሁን።

መልስ ስላላገኘሁ ደግሜ ጻፍኩ። ምናልባት ያለፈው ደብዳቤዬ ቁጣ መስሎህ ከሆነ፣ አልነበረም፤ እኔ ስጽፍም ስናገርም ድምፄ ከፍ ይላል፣ ባሌም ይኸንኑ ይለኛል። አያትህ ታመው ከሆነ ገጹንም ክሩንም ተወው፤ እሳቸው ይበልጣሉ። የራስህ ሥራ በዝቶብህም ከሆነ ተወው። ያንን ገጽ መሥራትህ ብቻ ለእኛ ብዙ ነበር። የዘመድ ልጅ በዓለም ጫፍ ሆኖ አስቦናል ብለን ይህን መኸር ቀና ብለን ሄድን፤ እሱን ማንም አይወስድብንም።

ደህና መሆንህን ብቻ ጻፍልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ኪኑኤ


ሎንድሪና፣ ዲሴምበር 14 ቀን 2018

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሁላችንም ደህና ነን፤ አያቴም ደህና ናቸው። ስላስጨነቅኩዎት በጣም አዝናለሁ። መልሱን ይዤ ልጻፍ ብዬ ስጠብቅ ጊዜው ሄደ። ያ አሮጌ ብራውዘር ያለው ውል ማስረጃ ቢሮው ብቻ ነው፤ ጸሐፊዋ ሉሲያና ደግሞ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ትናንት ተመለሰች።

ጥቁሩን እኔም ያኔ አይቼዋለሁ። «ቀለሙ ትንሽ ይለያል» ያልኩዎት እሱን ነው። አምሮብኝ ነበር። ጥቁርና ነጭ የሰፈራችን የኳስ ቡድን ቀለም ነው፤ እኛ ጋ ሰው በሱ ይሞሸራል። ደብዳቤዎን ለአያቴ ሳነብላቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ለሰርግ የቀብር ክር ላክህ?» አሉኝ። ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ሥራውን ሠርተህ ሰጠሃቸው፣ እኔን ግን አልጠየቅኸኝም» አሉ። እውነት ነው። አጠገቤ ተቀምጠው ነበር እኮ።

አሁን ምን እንደሆነ ልንገርዎት። ቀዩን በየቦታው ከመጻፍ ብዬ አንድ ቦታ ጽፌ ስም አወጣሁለት። በሌላው ቦታ ሁሉ በስሙ ብቻ እጠራዋለሁ። ለመቀየር ይመቻል፤ አዳዲሶቹ ብራውዘሮችም ስሙን ሲያዩ ቀዩን ያመጣሉ። የአቶ ኢናባ ግን ይህ አጠራር ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው፤ ስሙን አያውቀውም። ቀለም ያልተነገረውን ሥዕል ደግሞ ሁልጊዜ በጥቁር ነው የሚቀባው። ነጩን በስም ሳይሆን በቀጥታ ስለጻፍኩት ነጩ ነጭ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ነው ለቅሶ የሆነው።

ከስሙ በፊት ቀዩን ራሱን ጽፌለታለሁ። ሉሲያና ቢሮ ከፍተን ስናይ ቀልቷል። ደስ ስላላት ባለጉዳዮቹን ሁሉ እየጠራች አሳየቻቸው።

እባክዎ አቶ ኢናባ እንደገና ይሞክሩት። የብራውዘሩን ስምና ቁጥር፣ የመስኮቱንም ሙሉ ፎቶ ይላኩልኝ።

ሬናቶ


ኢዳ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2018

ቀይ ሆነ፣ ሬናቶ። ተመስገን፣ ቀይ ሆነ። ሰላምታው ይከተላል።

ለአንተና ለአያትህ፣ ዓመቱ በሰላም ያልቅላችሁ። ለአያትህ በግንባሬ እየሰገድኩ ነው በላቸው። የሳቸው ሳቅ እዚህ ድረስ ተሰማኝ፤ ባይስቁ እኔ አለቅስ ነበር።

የኳሱን ነገር ለእትዬ ዮሺኖ ስነግራቸው ምን አሉ መሰለህ? «እንኳን ቡድናቸው አረንጓዴ አልሆነ፤ በጎመን ያስሩን ነበር።» ፎቶህን ክር የሚሰቀልበት ሚስማር ላይ ሰቅለውታል።

ያልከኝን ሁሉ አደረግሁ። የኮምፒውተሩ ስም ጎኑ ላይ ተለጥፏል፦ «የአዳራሹ ንብረት፣ ቁጥር አሥራ አራት» ይላል። ይህን ስነግራቸው አቶ ኢናባ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። የብራውዘሩ ቁጥር ሌላ ቦታ ነው አሉ፤ እሱንም አገኘን፣ ፎቶው ውስጥ አለ።

አሁን ፎቶውን በደንብ እየው። ቀዩ ያምራል። ስሞቹ ግን ተኝተዋል። በስልኬ ሁለቱ የቤተሰብ ስሞች ከክሩ ሥር ግራና ቀኝ፣ እንደ ልማዳችን ፊደሉ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ፣ ቁልቁል ቆመዋል፤ በሳቸው ላይ ግን ወደ ጎን ተጋድመው ክሩ መሐላቸውን ቆርጧቸዋል። አቶ ኢናባ «ሙሽራው ከሰርጉ በፊት እንቅልፍ ጣለው» አሉ። ይቀልዳሉ፤ ግን ሌላ የሙሽሪት እናት ጠርተው አላሳዩም። የናጎያውም ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ አየሁት። በላዩ ሻይ አስቀምጠውበታል። ደግ ምልክት ነው ወይስ ክፉ ነው፣ እኔ እንጃ።

ይህቺ ሉሲያና የምትባለው ልጅ ደግ ናት። ቢሮዋን ለማታውቃቸው ሰዎች ክር ትከፍታለች። ስንት ዓመቷ ነው? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅህ።

ምስጋናዬን ጽፌ አልጨርሰውም። አንተ የማታየውን ቤት መብራት እያበራህ ነው።

ኪኑኤ


ሎንድሪና፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴና ለቤተሰቡ ሁሉ፣ አዲሱ ዓመት የጤናና የሥራ ይሁንላችሁ።

የዘገየሁት ውል ማስረጃ ቢሮው ለበዓሉ ስለተዘጋ ነው። ጃንዋሪ ገባ፣ አሁንም ዝግ። ቀኑ እየሄደ እንደሆነ አውቃለሁ። በመጨረሻ ሉሲያና አለቃዋን ለምና ቁልፉን ተቀበለች፤ እሑድ ዕለት ሁለታችን ብቻ ገብተን ሠራን። እሷ ስሞቹን እየጻፈች፣ እኔ እያስተካከልኩ፣ ውጭ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ።

ስሞቹ መተኛታቸውን ያላየሁት መጀመሪያ የሞከርኩት ስም ሳልጽፍበት ስለነበረ ነው። ጽሕፈት ቁልቁል እንዲወርድ የሚያዘው ቃል ድሮ ሌላ ነበር፣ ኋላ ተቀየረ። እኔ አዲሱን ብቻ ነበር የጻፍኩት። አሁን ሁለቱንም ጻፍኩ፤ የድሮው ቀድሞ፣ አዲሱ ተከትሎ። ብራውዘር የማያውቀው ትእዛዝ ሲገጥመው አይቆጣም፣ ዘሎት ያልፋል። እያንዳንዱ የገባውን ይወስዳል፤ ገጹም በሁሉም ዘንድ አንድ ይሆናል። የሚመስለው የአያቴን ንግግር ነው፦ ለኔ አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ ይነግሩኛል፣ እኔም አንዱን እሰማለሁ።

ረጅም የውጭ ስም ቢመጣ ይበቃ እንደሆነ ለማየት የእኔንና የሷን የቤተሰብ ስም፣ «ኩማጋይ» እና «አልቡኬርኬ» ብለን ሞከርን። ቆመዋል፣ ይበቃል። ሉሲያና ግን ስታየው ስለገረማት ማዘዣውን ተጫነችው። እባክዎ ሙከራ ነውና ችላ ይበሉት።

አቶ ኢናባ ይሞክሩት። ካልሆነ በዚያው ቀን ይጻፉልኝ፤ ቁልፉ እስከ ወሩ መጨረሻ ከሉሲያና ጋር ነው።

ሬናቶ


ኢዳ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2019

አዘዙ። ዛሬ ከሰዓት በፊት፣ በዚያው በአሮጌው ኮምፒውተር፣ የፀደዩን ሰርግ በሙሉ።

እንደምን ከረማችሁ፣ ሬናቶም አያትህም? እኔስ ዛሬ እንዴት እንደሆንኩ አትጠይቀኝ።

ጠዋት አቶ ኢናባ ደወሉና «ነይ» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። ብስክሌቱን በረዶ ላይ እየገፋሁ ሄድኩ። ስገባ ያቺው የሙሽሪት እናት ተቀምጣለች። አስቤበት እመጣለሁ ያለችው፤ መጣች። ልጇ ናት የላከቻት፤ የናጎያውን ክር አይታ «ሁሉም ሰው ያለው ነው» ብላ እምቢ ብላለች።

እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። አቶ ኢናባ ገጹን ከፈቱ። ቀይ ነው። የሙሽራውን ቤተሰብ ስም በሁለት ጣት ጻፉ። ቆመ። የሙሽሪትን ጻፉ። ቆመ። ሁለቱ ስሞች ከቀዩ ቋጠሮ ሥር ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ቆሙ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንስታ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ስልክሽን አሳይኝ» አለች።

ሰጠኋት። የስልኩን ከኮምፒውተሩ ጎን አድርጋ አስተያየች፤ የራሷንም ስልክ አውጥታ ከፈተች። ሦስቱም አንድ ናቸው።

«አሁን ቤቴ የሚመጣውን አወቅኩት» አለች።

አቶ ኢናባ የሷን አዘዙ። እሷ ከወጣች በኋላ የሌሎቹንም አንድ በአንድ ጻፉ፤ እኔን ግን ተቀመጪ አላሉኝም። ሲጨርሱ የናጎያውን ወረቀት ገልብጠው በጀርባው የምሳቸውን ትእዛዝ ጻፉበት። «ቁጥር አሥራ አራትን ያልናቀ ሰው ይመስገን። እኔን ሁሉም ቀይር ቀይር ይሉኛል፤ የብራዚሉ ልጅ ብቻ ነው ባለሁበት የመጣልኝ» አሉ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልህ። አቶ ኢናባ ሰው ሲያመሰግኑ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ክር ቤቱ አይዘጋም። ለእትዬ ዮሺኖ ስነግራቸው እንደዚያ ቀን ማታው ሻያቸውን ጠጥተው ስኒውን አጠቡ። ከዚያ ግን አልሄዱም። ተቀምጠው መቋጠር ጀመሩ። «ፀደይ እየመጣ ቆመሽ የምትስቂው ምንድን ነው? ቀይ ንከሪ» አሉኝ።

ሬናቶ፣ ስላንተ ምን እላለሁ? አያትህ ከዚህ ሲሄዱ ይኸው ቤት ነበር ሻንጣቸውን በክር አስሮ የሸኛቸው። ያንተን ሥራ ከዚያ ጋር አላወዳድረውም። የኔ ምስጋና ለዛሬው ነው፤ ለጥቁሩም ጭምር። ጥቁሩ ባይመጣ አንተ ከአያትህ ጋር ያን ሁሉ አትሥቅም፣ እኔም ሉሲያና የምትባል ሰው መኖሯን አላውቅም ነበር።

ስለዚያ ማዘዣ ደግሞ። ሙከራ ነው፣ ችላ ይበሉት ብለሃል። ደብዳቤህን ሳነብ እትዬ ዮሺኖ ቋጥረው ጨርሰውት ነበር፤ ኩማጋይ እና አልቡኬርኬ፣ ቀይና ነጭ፣ የማይፈታው የሰርግ ቋጠሮ። «ሙከራ ነው ይላል» አልኳቸው። «የሚፈታው ቋጠሮ ነበር ለሙከራ የሚሆነው፤ ይሄኛውን ማን መረጠው?» አሉኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኩህም፤ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። አልጣልነውም፣ በነጭ ወረቀት ጠቅልለን አስቀምጠነዋል።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ። የመጀመሪያው ክር ለአዳራሹ የሚወጣበት ሰሞን ክር ቤቱ ውስጥ ድግስ አለን። ቀይ ሩዝ ከባቄላው ጋር እቀቅላለሁ፤ አቶ ኢናባ ሳኬው፣ የሩዝ መጠጡ፣ በኔ ነው ብለዋል፤ የሙሽሪት እናትም ከልጇ ጋር ትመጣለች። የቼሪው ዛፍ ያኔ ያብባል። አያትህ ጉልበቴ ካሉ አቶ ኢናባ የአዳራሹን ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው ጣቢያ ይጠብቃሉ። አንተ ትመጣለህ። ሉሲያናም ትመጣለች፤ ቁልፉን ለአለቃዋ ትመልስና ትምጣ። እሩቅ ነው፣ ሥራ አለኝ፣ አይመችም የሚል ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ፤ አላነበውም። ሁላችሁም፣ አንድም ሰው ሳይቀር፦ ኤፕሪል 14 ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ በስድስት ሰዓት።